ሰሚው የት ተቀመጠ?

ካዛንቺስ ከስብሰባ እንጀራ የሚበላ ሰፈር ነው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ አዲስ አበባን መቀመጫው ካደረገ፣ የአፍሪካ አዳራሽም በ1953 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በዙሪያው ያለው ሆቴል፣ ታክሲና ምግብ ቤት ሁሉ ለጉባኤ ከሚመጣው እንግዳ ጋር ተሳስሯል። እኔም በዚሁ ሰፈር ማታ ማታ ለሆቴል ሠራተኞች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግሯቸው ረጃጅም ቃላት እንዳይመስሏችሁ። የሚያስቸግሯቸው አራት አጫጭር ግሦች ናቸው፦ ሴይ፣ ቴል፣ ስፒክ፣ ቶክ።

አንዲት የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ የፈረቃ መዝገቧ ላይ የሰፈረች አንዲት መስመር ይዛ መጣች። የማታው ተረኛ ለጠዋቱ ተረኛ የጻፈው ማስታወሻ ነው፦ «ጌስት ቶልድ ሌት ቼክ አውት»። ጠዋት የገባችው ልጅ፣ ክፍሉን ዘግይቶ መልቀቅ እንደሚችል ለእንግዳው ተነግሮታል ብላ ተረዳችው። የማታው ሰው ግን እንግዳው ዘግይቼ ልውጣ ብሎ ጠይቋል ማለቱ ነበር። ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ እንግዳው ደግሞ ገና አልጋው ላይ ነው። መስመሯን ሰሌዳ ላይ ጻፍኳትና በአማርኛ እንዲሉት ጠየቅኳቸው። «እንግዳው ነገረን» አለ አንዱ። «ለእንግዳው ተነገረው» አለች ሌላዋ። ማን ተናጋሪ፣ ማን ሰሚ እንደሆነ በአማርኛ አንድም ሰው አልተምታታበትም።

ለእኔ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ ግሦች መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የሰሚው ቦታ ልዩነት ነው። ሴይ ከአፍ የወጣውን ቃል ይይዛል፤ ሰሚውን ለመጨመር «ቱ» የምትል መስተዋድድ ይፈልጋል። ቴል ያለ ሰሚ አይቆምም ማለት ይቻላል፤ ማን እንደሰማ ወዲያው ይጠይቃል። ስፒክ ለተናጋሪው ያደላል፤ መድረክ ላይ የወጣ ሰው፣ ሁለት ቋንቋ የሚችል ሰው ግሥ ነው። ቶክ ሁለት አፍና አራት ጆሮ ይወዳል።

ተማሪው «ሂ ሴድ ሚ» ብሎ ሲጽፍ መምህሩ በቀይ ያሰምርና ያልፋል። ልጁ ግን ከሜዳ ተነስቶ አልጻፈውም። በአማርኛ «አለኝ» ይላል፤ የእኛ «አለ» ሰሚውን ጅራቱ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል። «ኤክስፕሌይን ሚ»ም ከ«አስረዳኝ»፣ «ዲስከስ አባውት»ም ከ«ስለ ጉዳዩ ተወያየን» የመጡ ናቸው። ስህተቶቹ የአማርኛውን ሥርዓት ጠብቀው የሚወጡ ስለሆኑ፣ ሥርዓቱን የሚያውቅ መምህር በአንድ ምሽት ሊያቃናቸው ይችላል።

በዚያ ላይ አማርኛው ራሱ ልዩነቱን ጠንቅቆ ያውቀዋል። «ሰላም በልልኝ» እንላለን እንጂ «ሰላም ንገርልኝ» አንልም፤ እንግሊዙም እዚያ ቦታ ላይ ቴልን አያስገባም። «እውነቱን ንገረኝ» እንላለን፣ «እውነቱን በለኝ» አንልም፤ እንግሊዙም እዚህ ላይ ሴይን ትቶ ቴል ይላል። ምስጢርም ይነገራል እንጂ አይባልም። «ምስጢር አለኝ» ያለ ሰው «ለ»ን አጥብቆ የተናገረው ሌላ ግሥ ነው። ይህን ሁሉ የሃያ ዓመት ልጅ ከእናቱ ጓዳ ይዞት መጥቷል። ክፍል ውስጥ አማርኛ መናገር ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ስናይ እንደ ጥብቅ ትምህርት ምልክት የምንቆጥረው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ልጁ የያዘውን መብራት በር ላይ አስቀምጠህ ግባ እንደማለት ነው።

ተማሪዎቼን የሚያደናግራቸው ሌላው ጉዳይ የሰው ቃል ሲጠቀስ የሚመጣው ለውጥ ነው። አማርኛ «እመጣለሁ አለ» ብሎ የባለቤቱን «እኔ» ሳይነካ ያስቀምጠዋል። እንግሊዝኛ ግን «እኔ»ን ወደ «እሱ» ይቀይራል፣ ጊዜውንም ወደ ኋላ ይጎትታል። ስለዚህ ተማሪው «ሂ ሴድ አይ ዊል ካም» ብሎ ሲጽፍ የሚመጣው ማን እንደሆነ ይጠፋል፤ ጸሐፊው ራሱ የሚመጣ ይመስላል። በአንጻሩ በአፍሪካ አዳራሽ የሚሠሩ የጉባኤ አስተርጓሚዎችን አስቡ። ተናጋሪው «አመሰግናለሁ» ሲል አስተርጓሚው በሌላ ቋንቋ «አመሰግናለሁ» ይላል እንጂ «እያመሰገነ ነው» አይልም፤ የሙያው ደንብ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን የሌላውን «እኔ» በአደራ መያዝ በየቡና ረከቦቱ ሲለማመደው ነው ያደገው።

ቴልና ቶክ ዝምድና እንዳላቸው የቋንቋ ታሪክ ያሳያል። ነገረ፣ ተናገረና ተነጋገረ ከአንድ ሥር እንደበቀሉት ማለት ነው። ቴል በጥንት እንግሊዝኛ መቁጠር ማለትም ነበር፤ በየባንኩ መስኮት ገንዘብ የሚቆጥረውን ሠራተኛ ዛሬም ቴለር የምንለው ከዚያ በመጣ ስም ነው። እኛም ብር እንዘረዝራለን፣ ጉዳይም እንዘረዝራለን። ይህን ስነግራቸው የባንክ ሠራተኛ የሆነ ተማሪዬ ደብተሩን ዘግቶ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ ቴልን ከሴይ ጋር ሲያምታታ አላየሁትም።

«ተናገረ» ደግሞ ሰሚ ሲጨመርበት ይቆጣል። «ሥራ አስኪያጁ ተናገረ» ቢባል ንግግር አድርጓል፤ «ሥራ አስኪያጁ ተናገረኝ» ከተባለ ግን ወቀሳ አለ። እንግሊዞችም «አነጋግረዋለሁ» በሚል ለስላሳ ቃል ተግሣጽ ማለታቸው የተለመደ ነው። የሆቴል ሠራተኛ ይህን ካላወቀ አለቃው በፈገግታ የነገረውን ማስጠንቀቂያ እንደ ወሬ ቆጥሮት ይወጣል።

እስካሁን የዘረዘርኩት የክፍል ውስጥ ጉዳይ ነው። የሰሚው ቦታ ጥያቄ ግን ከክፍሉ ወጥቶ ሰፈሩ ውስጥም ይከተለኛል።

የካዛንቺስ ስም ራሱ በወረራው ዘመን የኢጣሊያ መንግሥት ለሠራተኞቹ ቤት ከሠራበት ድርጅት ምሕጻር የመጣ ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ይሉት ነበር። የሰፈሩን ስም ያወጣው መኖሪያ ቤት ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ በርካታ የቆዩ ቤቶች ፈርሰው፣ አብረው ያረጁ ጎረቤቶች ወደ ተለያየ አቅጣጫ ሄደዋል። መንገድ መስፋቱን፣ ፍሳሽ መስመር መያዙን የሚጠላ የለም፤ እኔም አልጠላም። የምከራከረው ስለ ግሡ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ በዜና ደጋግመን የምንሰማው ግሥ «አወያዩ» የሚል ነው፦ ኃላፊዎች ነዋሪዎችን አወያዩ። አወያይ በመልካም ትርጉሙ መድረክ መሪ ነው፤ ሌሎች እንዲነጋገሩ የሚያደርግ። ነገር ግን አንድ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ውሳኔ አንብቦ፣ ሰሚው ጥያቄ ጠይቆ፣ ውሳኔው እንዳለ ከጸና፣ ያ በአማርኛም በእንግሊዝኛም «ነገረ» ነው። «ተወያየ»ን እዚያ ላይ መጻፍ ያልነበረን ሰሚ፣ ያልነበረን መልስ መፍጠር ነው።

ቋንቋችን ደግሞ ለዚህ የሚሆን የጠራ ግሥ አለው፦ አማከረ። ሐኪም የሚያማክር ሰው የማያውቀው ነገር ስላለ ነው የሚያማክረው። ሽማግሌ የሚያማክርም ምክሩን ሊቀበል አስቦ ነው። አማካሪው ከጠያቂው በልጦ የሚታይበት ግሥ ነው። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው ኮሚሽን በእንግሊዝኛ ስሙ የሚጠራው በዳያሎግ ቢሆንም በአማርኛ የያዘው ስም «ሀገራዊ ምክክር» ነው። እንግሊዝኛው ሁለት ወገን መነጋገሩን ብቻ ይናገራል፤ አማርኛው አንዱ ለሌላው ምክር እንዲሰጥ ይጠይቃል። ከበድ ያለ ቃል ነው፣ በመመረጡም ደስ ብሎኛል። ታዲያ ይኸው ቃል በወረዳ ስብሰባ ላይ፣ የአንዲት መበለት ቤት ሲነሳ ለምን ይጠፋል? «ነዋሪውን አማከሩ» የሚል ዜና ለመስማት ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ።

የጋዜጣው ግሥም ያሳስበኛል። «ገለጹ» ማለት የተሸፈነውን መግለጥ ነው፤ ስለዚህ ከጀርባው የተነገረው ነገር እውነት ነው የሚል ምስክርነት ያዝላል። «አረጋገጡ» ከዚያም ይብሳል። ኃላፊ አንድ ነገር ሲል ዘጋቢው «አሉ» ብሎ ቢጽፍ ክብር አይጓደልም፤ ብዙ ቁጥሩ ክብሩን ይዞለታል። ነዋሪ ሲናገር ግን «ቅሬታ አሰሙ» ብለን እንቋጨዋለን፣ ቃሉም በዚያው ተውጦ ይቀራል።

ወጣት ዘጋቢዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከስብሰባ አዳራሽ ስትወጡ በር ላይ ቆማችሁ ነዋሪዋን ምን እንዳለች ጠይቁ። «ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ነው፣ ልጆቼ ትምህርት እስኪጨርሱ ጊዜ ስጡኝ» ካለች፣ «ቅሬታ» ብላችሁ አታጥፉት። «ስጡኝ አለች» ብላችሁ፣ በራሷ አንደኛ መደብ፣ ከኃላፊው ቃል ጎን በእኩል ፊደል አውጡት። ቀጥሎም ኃላፊው ምን እንደመለሱላት ጻፉ። መልስ ካልሰጡም አልሰጡም በሉ።