እማዬ፣ ልዑሉ እና 53ቱ ሰዎች

መጀመሪያ ልናዘዝ። «ኤ ክሪስማስ ፕሪንስ» የተባለውን ፊልም ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። አንዴ ለብቻዬ፣ አንዴ ከጓደኞቼ ጋር እየሳቅንበት፣ አንዴ ደግሞ ከእማዬ ጋር። ይኼን ጽሑፍ ያጻፈኝ ሦስተኛው ነው። ጋዜጠኝነት ተምራ የተመረቀች፣ ስለ ፊልም ሲነሳ ደግሞ መራቀቅ የምትወድ ልጅ፣ እንዲህ ዓይነቱን ፊልም ሦስት ጊዜ አየሁ ብላ በአደባባይ መናገሯ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። (ያያችሁትም ብትሆኑ «አይተነዋል» እንደማትሉ አውቃለሁ።) ፊልሙን ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 ነው ያወጣው። አምበር ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ መጽሔት የሌሎችን ጽሑፍ የምታርም ጀማሪ ጋዜጠኛ ናት። አልዶቪያ የምትባል፣ ካርታ ላይ የሌለች አገር አለች። የአገሪቱ ንጉሥ ሞቷል፤ ልጁ ልዑል ሪቻርድ ዙፋኑን ይረከባል ወይስ አይረከብም የሚለውን እንድትዘግብ አምበር ትላካለች። ስትደርስ ጋዜጣዊ መግለጫው ይሰረዛል። ባዶ እጇን ከምትመለስ ሾልካ ቤተ መንግሥት ትገባለች። እዚያ ደግሞ የትንሿ ልዕልት የኤሚሊ አዲሷ አስተማሪ መጣች ብለው ይቀበሏታል። እሷም «ኧረ እኔ አይደለሁም» አላለችም። ከዚያ በኋላ ያለውን ትገምቱታላችሁ። በረዶ፣ ፈረስ፣ የገና ዛፍ፣ የሚያምር ቀሚስ፣ በመጨረሻም ተንበርክኮ ቀለበት የሚያወጣ ልዑል።

ይኼ ዓይነት ፊልም አዲስ አይደለም። ሆልማርክ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ገና በቀረበ ቁጥር እነዚህን ፊልሞች በተከታታይ ሲያሳይ ኖሯል። በ2019 ብቻ 40 ያህል አዳዲስ ፊልሞችን አውጥቷል። ብዙዎቹ ካናዳ ውስጥ፣ አንዳንዴም በፈረንጆቹ የበጋ ሙቀት በአርቴፊሻል በረዶ የሚቀረጹ ናቸው። ተዋናዮቹ ካፖርት ለብሰው ያልባቸዋል ማለት ነው። ኔትፍሊክስም ገበያውን አይቶ ገባበት። የአልዶቪያ ቤተ መንግሥት ብለው ያሳዩን ሮማኒያ ውስጥ ሲናያ ከተማ የሚገኘው የፔሌሽ ቤተ መንግሥት ነው። ቤተ መንግሥቱ እውነተኛ፣ አገሩ የውሸት።

እንግዲህ ወደ ተመልካቹ ልምጣ፤ የዛሬው ጉዳዬ እሱ ነውና።

ፊልሙ በወጣ በሳምንታት ውስጥ፣ በዲሴምበር 2017፣ ኔትፍሊክስ ትዊተር ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ባለፉት 18 ቀናት ይኼን ፊልም በየቀኑ ያዩት 53 ሰዎች ሆይ፣ ማን ጎዳችሁ? የሚል። ዓለም ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ቀልዱ ደግሞ ያስቃል፣ አልዋሽም። ወዲያው ግን «ቆይ፣ ይኼ ድርጅት ማን ምን ስንቴ እንዳየ እየቆጠረ ነው እንዴ ሊስቅብን?» የሚሉ ሰዎች ተነሱ። ድርጅቱም የደንበኞቹ የግል ጉዳይ እንደሚያሳስበው፣ ያወጣው መረጃም አጠቃላይ የአተያይ ሁኔታን እንጂ የተወሰኑ ግለሰቦችን እንደማያሳይ ገልጾ መልስ ሰጠ። በቃ። ነገሩ በዚያው አለፈ።

እኔ ግን «ማን ጎዳችሁ?» የምትለዋ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ምክንያቱም በሌላ ቋንቋ እዚህም ሰምቻታለሁ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክንና የሌላ አገር ድራማዎችን በአማርኛ እያስተረጎመ ማቅረብ ሲጀምር የነበረውን ክርክር ታስታውሳላችሁ? የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ስለ ባህልና ስለ እንጀራቸው ያነሱት ጥያቄ አንድ ነገር ነው፤ መልስ የሚያሻው ጥያቄ ነበር። ከዚያ ጎን ለጎን ግን ሌላ ወሬ ነበር። «ሴቱ ሁሉ ሥራ ፈቶ ቴሌቪዥን ላይ ተተከለ፣ ወጡ አረረ» የሚል። ልብ በሉ፣ እሁድ ከሰዓት ሦስት የእንግሊዝ ጨዋታ አከታትሎ የሚያይ ወንድ «ማን ጎዳህ?» ተብሎ አያውቅም። እሱ ደጋፊ ነው። እሷ ግን ሥራ ፈት ናት።

ወደ እኛ ቤት ልውሰዳችሁ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ታኅሣሥ ነው። የፈረንጆቹ ገና ከእኛው ሁለት ሳምንት ገደማ ይቀድማልና እነሱ ሲበሉ እኛ ጾም ላይ ነን። መብራት ነበር (ይኼም ዜና ነው)። ወንድሜ ፊልሙን በፍላሽ ይዞት መጣ። ተመልካቾቹ እማዬ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን (እትዬ ነው የምንላት) እና እኔ። የአማርኛ ጽሑፍ ስለሌለው አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ማስተርጎም ስል፣ የሚሳሳሙበት ቦታ ሲደርስ ሁላችንም ድንገት ጀበናው መፍላት አለመፍላቱን ማየት እንጀምራለን። እሱ ትርጉም አያስፈልገውም።

የመጀመሪያውን አስተያየት የሰጠው ወንድሜ ነው። «ቆይ፣ ዘበኛ የለም? እኛ ቀበሌ ለመግባት እንኳ መታወቂያ አምጡ እንባላለን። ይቺ ዝም ብላ ገብታ የንጉሥ ልጅ ታስተምር?» ልክ ነው። በዓለም ዙሪያም ብዙ ተመልካች ያነሳው ጥያቄ ይኼ ነው።

እትዬ ሌላ ነገር ነው ያየችው። ትንሿ ልዕልት ኤሚሊ ስፓይና ቢፊዳ የሚባል ከአከርካሪ አጥንት ጋር አብሮ የሚወለድ የጤና ችግር አለባትና መራመድ ይከብዳታል። እትዬ ስኒዋን አስቀምጣ «ልጅቷን አልደበቋትም» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ «ተንኮለኛም ናት፣ ደስ ስትል» አለች። ሌላ አልተናገረችም። ሰፈራችን ውስጥ በር ተዘግቶባቸው ያደጉ ልጆችን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ሦስት ጊዜ ሳየው ያቺን ልጅ እንደ ማጀቢያ ነበር የቆጠርኳት። ቤቱን ሁሉ የምታውቀው፣ የአምበርን ውሸት ቀድማ የደረሰችበት ግን እሷ ናት።

እማዬ ዝም ብላ ቆየች። አምበር ልዑሉን በፈረስ ስትከተል ጫካ ውስጥ ተኩላ ይመጣባታል። ልዑሉ ያድናትና የሟች አባቱ የአደን ጎጆ ያስገባታል። እዚያ የንጉሡን ጠረጴዛ ስትበረብር ልዑሉ በጉዲፈቻ ያደገ መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ታገኛለች። ይዛውም ትሄዳለች።

«ከተኩላ አፍ አውጥቶ ቤቱ ቢያስገባት መሳቢያውን ትፈትሽ?» አለች እማዬ። «ይኼ ነው ያስተማሩሽ?»

ወገኖቼ፣ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። ስለዚህ ተከራከርኩ። የዙፋን ወራሽ ማን ነው የሚለው የሕዝብ ጉዳይ ነው፣ ባለሥልጣን የሚደብቀውን ማውጣት የጋዜጠኛ ሥራ ነው፣ አንዳንዴም ማንነትን ሳይገልጹ መግባት ግድ ይላል አልኳት። ሁሉም እውነት ነው። እማዬ ሰምታኝ ስታበቃ «እሺ፤ ታዲያ መጀመሪያ ለምን አልጠየቀችውም?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አምበር የጠየቀችው የለም። መግለጫው ተሰረዘ፣ ገባች፣ ዋሸች፣ በረበረች። በር ሁሉ ተዘግቶበት፣ ሌላ መንገድ አጥቶ መደበቅ አንድ ነገር ነው። በሩ ሳይንኳኳ መደበቅ ሌላ ነው። ፊልሙን ከጓደኞቼ ጋር ሳየው (ሁላችንም የአንድ ክፍል ተማሪዎች ነበርን) ስንስቅ ያመሸነው ኮምፒውተሯ ላይ በምትጽፋቸው ማስታወሻዎች ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንኳ እንደዚያ አይጽፍም እያልን። በእንግሊዝኛም ብዙ ጋዜጠኞች በዚያው ሲቀልዱ አንብቤያለሁ። ማስታወሻዋን አርመን መሳቢያውን ዘለልነው። ያላወቅነው ሆነን አይደለም፤ ሳቃችን ስለቀደመ ነው።

ከዚያ የሚመጣውን ደግሞ ተመልከቱ። ሰነዱን ክፍሏ ታስቀምጠዋለች። የልዑሉ የአጎት ልጅና የቀድሞ ፍቅረኛው ሰርቀው ያገኙትና ዘውድ ሊጫንለት ሲል በሰው ፊት ያወጡታል። ሰውዬው በጉዲፈቻ ማደጉን የሚሰማው እዚያ ነው፣ በአደባባይ። ፊልሙ ይኼን በአንድ ይቅርታ አልፎ ወደ ቀለበቱ ይሄዳል።

እማዬ ግን አላለፈችውም። የእሷ ጥያቄ ንግሥቲቱ ጋ ነበር። «ከሕፃንነቱ ያሳደገችው እሷ አይደለችም? ታዲያ ልጇ አይደለም የሚለው ማን ነው?» ስትል ድምጿ ተለወጠ። ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል እኮ ያገኘነው ከኦሮምኛ ነው፤ ነገሩ ከፊልሙም፣ ከጽሑፍ ሕጉም የቆየ ባህል ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችንም የጉዲፈቻ ልጅ ለማንኛውም ጉዳይ የጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ሆኖ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። የአልዶቪያ ሕግ ግን ሟቹ ንጉሥ የገና ዛፍ ጌጥ ውስጥ የደበቃት ወረቀት እስክትገኝ ድረስ ልጁን ልጅ አይለውም። ተመልካቹ «የወረቀቱ ነገር አያሳምንም» ብሎ ይስቃል። እማዬ አልሳቀችም። እናቷ የወለደቻት እንዳልሆነች፣ ያሳደገቻት እንደሆነች፣ እሷም ይኼን የሰማችው ትልቅ ሰው ሆና ከጎረቤት አፍ እንደሆነ ያወቅሁት የዚያን ዕለት ነው። በሃያ ስድስት ዓመቴ። በዚህ ፊልም ሰበብ።

አሁን እስቲ ንገሩኝ፤ «ማን ጎዳሽ?» ተብሎ የሚቀለድባት እማዬ ናት?

አትሳሳቱብኝ። ፊልሙ ጥሩ ነው እያልኳችሁ አይደለም። ፊልሙ ደካማ ነው። ንግግሩ እንጨት እንጨት ይላል፣ ክፉዎቹ ከግንባራቸው ላይ «ክፉ ነን» የሚል ተጽፎባቸዋል፣ መጨረሻው ከፖስተሩ ይታወቃል። ይኼን ለመናገር ዲግሪ አያስፈልግም፤ እማዬም ተናግራዋለች። («እንደሚያገባት እኮ ሲጀመር ነው ያወቅሁት።») የምለው፣ ፊልሙ ደካማ ነው ማለትና ተመልካቹ ሞኝ ነው ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ነው። የመጀመሪያው ትችት ነው። ሁለተኛው ስንፍና ነው፤ ሰውየው ምን እንዳየ ሳንጠይቀው የምንፈርድበት።

እነዚያ 53 ሰዎች እነማን እንደሆኑ ማንም አልጠየቀም። ሕፃን ልጅ «ድገሚልኝ» እያለ ያስቸገራት እናት ልትኖርበት ትችላለች። የሌሊት ሥራ ጨርሳ ስትገባ የሰው ድምፅ ቤቷ ውስጥ እንዲኖር የምትከፍተው ልትኖር ትችላለች። የገና ሰሞን ብቻውን የሆነ ሰው ሊኖር ይችላል። መጨረሻው የሚታወቅ ፊልም የሚያይ ሰው መጨረሻውን ስለማያውቅ አይደለም የሚያየው። የራሱን ነገ ስለማያውቅ፣ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ተኩል እርግጠኛ መሆን ፈልጎ ይሆናል። ይኼ የሚያሳፍር ነገር ከሆነ ሁላችንም እንፈር።

ድርጅቱ «የተወሰኑ ግለሰቦችን አያሳይም» ያለውን አምኜ ልቀበለው። ስማቸው አልወጣም። ግን ከ53ቱ አንዷ ያን ጽሑፍ ስታነብ እሷ መሆኗን ታውቃለች። ክፍሏ ተቀምጣ ብቻዋን ያየችውን ሰው ቆጥሮት፣ ቆጥሮም ስቆበት፣ ዓለምንም አሳቀበት። ሊያያት ያስገባችው እኮ እሷ ናት፤ በየወሩ እየከፈለች። እማዬ ትዊተር የላትም እንጂ ብነግራት የምትለውን አውቃለሁ። «ቤቷ ብታስገባው መሳቢያዋን ይፈትሽ?»

የፊልሙን ማለቂያ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። አምበር ኒውዮርክ ስትመለስ አለቃዋ ጽሑፏን አትቀበላትም። ሥራዋን ትለቅና የራሷን ብሎግ ትከፍታለች፤ ጽሑፏንም ሕዝብ ይወድላታል። ከዚያ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ልዑሉ ይመጣል። እኛም እዚህ እንጽፋለን፤ ልዑል የሚባል ግን እስካሁን ብቅ አላለም። ምናልባት መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል።

ሲመጣ ግን መጀመሪያ እማዬን ነው የማስተዋውቀው። ባለፈው ሳምንት ደውላልኝ ነበር። ጾሙ ሳይገባ ነው እንግዲህ። «ያቺ ሌባ ጋዜጠኛ ያለችበት ፊልም ሁለተኛም አለው አሉ» አለችኝ። አለው፤ በ2018 ወጥቷል፣ ሦስተኛውም በ2019። «ታዲያ አምጪው» አለች። «ንግሥቲቱ እንዴት እንደሆነች ልይ።»

አራተኛ ጊዜ ማስተርጎሜ ነው። እናንተም ከእናቶቻችሁ ጋር እዩት፤ እየሳቃችሁም ቢሆን። ካያችሁ በኋላ ግን ምን እንዳዩ ጠይቋቸው።

ቸር ያሰንብተን።