ማጭድ የያዘው እጅ በየትኛው ሕግ ይዳኛል?

ማሽን የሰውን ድካም ያቀላል ይባላል። የየትኛውን ሰው?

በሱዳኑ የገዳሪፍ ሜዳ ይህ ተስፋ ከተነገረ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ እንግሊዞች በምሥራቅ አፍሪካ ያለውን ጦራቸውን በማሽላ ለመቀለብ ብለው ወደዚያ ጥቁር አፈር ትራክተር አስገቡ። ትራክተሩ አረሰ፣ እርሻው ሰፋ፣ አንድ ይዞታ 1,000 ፈዳን ደረሰ፤ ወደ 420 ሄክታር ማለት ነው። ይህን ሁሉ ማን አረመው? ማን አጨደው? ከምዕራብ ሱዳን የመጣው፣ ከመተማ ወዲህ ከጎንደር ደጋ በእግሩ የወረደው ወጣት አይደለም? ድካሙ ቀልሎ ከሆነ ታዲያ በየክረምቱ የሚፈለገው እጅ ለምን በዛ?

እዚያው ሱዳን ያለው ኸሽም ኤል ቂርባ ደግሞ ሁሉም ነገር አስቀድሞ የተሰላበት ቦታ ነበር። የአስዋን ግድብ ያፈናቀላቸው 50,000 ያህል የዋዲ ሃልፋ ኑቢያውያን እንዲሰፍሩበት የአትባራ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1964 ተገደበ። ለአንድ ባለይዞታ 15 ፈዳን ተመደበ፤ 5 ለጥጥ፣ 5 ለስንዴ፣ 5 ለለውዝ። የስኳር ፋብሪካም ተተከለ። ውሃው በሜትር ኪዩብ ተለካ፣ ቦዩ ተቀየሰ። ጥጡን የሚለቅመውና አገዳውን የሚቆርጠው ሰው የት እንደሚያድር የተሰላው በየትኛው ገጽ ላይ ነው? ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለእህል የሠሩት ጎተራ 100,000 ቶን ይይዛል። ለእህሉ መጠለያ ተገኘ፤ ላጫጁስ?

«ሠራተኛው ይቅደም» የሚሉ ሰዎች ሕጉን አንብበውታል? እ.ኤ.አ. የ1997ቱ የሱዳን የሥራ ሕግ የእርሻ ሠራተኛን ከጥበቃው ውጪ ያደርጋል። ግን ልዩ ሁኔታ አለው። የእርሻ መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ፣ የሚጠግን፣ የእርሻ ምርት በሚያቀነባብር ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው በሕጉ ይዳኛል። በአንድ ማሳ ላይ ትራክተር ነጂው ሕግ አለው፣ ከኋላው በማጭድ የሚሄደው የለውም ማለት ነው። ይህ በስህተት ነው የተጻፈው? ወይስ ሰውየው ሰው ሆኖ የሚቆጠረው ሞተር ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው?

ነገሩ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። ማሽላውን ኮምባይነር ማጨድ ከጀመረ ቆይቷል። ሰሊጥ ግን እስካሁን የሰው እጅ ይፈልጋል፤ ፍሬ መያዣው ሲደርቅ አፉን ስለሚከፍት ነካ ካደረጉት ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሳሉጉ፣ ወቅታዊው የቀን ሠራተኛ፣ ጠሉ ሳይደርቅ ጎንበስ ብሎ ያጭዳል፣ ነዶውን ያስራል፣ አቁሞ ሂላ ይሠራል። ሂላው ሲደርቅ ሸራ ላይ ገልብጦ ያራግፋል። የባለእርሻው ወኪል ሂላውን ይቆጥርለታል። ቁጥሩ ከወኪሉ ደብተር ውጪ የት ይጻፋል? ሠራተኛው «እኔ የቆጠርኩት ከዚህ ይበልጣል» ቢል ማን ይሰማዋል?

ይህም የእጅ ሥራ አይቆይም። የማይረግፍ ሰሊጥ እ.ኤ.አ. በ1943 ቬንዙዌላ ውስጥ ተገኝቷል፤ አሜሪካ ውስጥ ዛሬ ሰሊጥ በኮምባይነር ይታጨዳል። አንድ ቀን ገዳሪፍና ሁመራም ይደርሳል። ያን ጊዜ ስንት ሰው ከሥራ ወጣ ብለን እንጠይቅ ይሆናል። መልሱ ከአሁኑ ይታወቃል፤ ማንም አልወጣም። በወረቀት ያልተቀጠረ ሰው እንዴት ይቀነሳል? የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው ከየትኛው ደመወዝ ነው? «እናሠለጥነዋለን» የሚሉትስ ስሙን ከየትኛው መዝገብ ያገኙታል?

ወዲህ በኩል፣ በኢትዮጵያ ያሉ ኃላፊዎችም ከዚህ ጥያቄ አያመልጡም። የውጭ አገር የሥራ ስምሪትን የሚመራው አዋጅ 923/2008 አለን። ኤጀንሲ፣ ውል፣ ኢንሹራንስ፣ ሁሉም ተዘርዝሯል። የድንበሩን ከተማ ገላባትን በእግሩ ለሚሻገረው ገበሬ ከዚህ ውስጥ የትኛው ይደርሰዋል? አገር ውስጥ ቀርቶ ፋብሪካ ልግባ ቢልስ? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበረ ገልጿል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ደነገገ። ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። ቦርዱን ያዘገየው ምን ነበር? ርካሽ ጉልበት ብለን ባለሀብት ስንጠራ፣ ከርካሽ ጉልበት የረከሰ ማሽን ሲመጣ ምን እናደርጋለን ብሎ ያሰበ ነበር?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ እርሻ ማሽን በሚደረጉ ስብሰባዎች ላይ ሲነሳ አይሰማም። በዋልካው ስንጥቅ ውስጥ የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ካላዛርን ታስተላልፋለች። የምትነክሰው በአብዛኛው ሌሊት ነው፤ ግራር ሥር የተኛው ደግሞ ማን እንደሆነ እናውቃለን። ካልታከሙት ይገድላል። ለብዙ ዓመታት መደበኛው ሕክምና 17 ቀን የሚወሰድ መርፌ ነበር። ለሥራው በሂላ ቁጥር የሚከፈለው ሰው 17 ቀን አልጋ ላይ ሲተኛ ስንት ሂላ ይጻፍለታል? ለትራክተሩ መለዋወጫ በጀት ይያዛል። ለአጎበሩስ ማን ያዘ?

አዲሱን ማሽን ለማስገባት ቅጽ የምትሞሉ ሰዎች፣ ቅጹ ላይ የነዳጅ ፍጆታ የሚባል ሣጥን አለ። የፈረስ ጉልበቱ አለ። የጎማው ቁጥር ሳይቀር አለ። አንዱ ኮምባይነር የስንት አጫጆችን ቦታ እንደሚይዝ፣ ከሚተርፈው ገንዘብም ለእነሱ ምን ያህሉ እንደሚቀመጥ የሚጻፍበት ሣጥን የትኛው ነው?