ሁለት ቢል፣ አንድ መስመር

«ሲስተም የለም።»

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ባንክ ተሰልፈን ወረፋችን ሲደርስ ትነገረናለች፤ እኛም እንደ ዝናብ ቆጥረናት ውልቅ እንላለን። ሲስተሙ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ ደግሞ ይብሳል፤ «መጠባበቂያ መስመር ነበረን፣ እሱም አብሮ ጠፋ።»

አብሮ የሚጠፋ መጠባበቂያ ምን የሚሉት መጠባበቂያ ነው?

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚሆን ለሚመስላችሁ ካናዳን እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022 ሮጀርስ የተባለው ግዙፍ የቴሌኮም ኩባንያ ኔትወርኩን ሲያሻሽል ከራውተሮቹ ላይ አንዲት ማጣሪያ ተነሳች። እሷ ስትነሳ የትኛው አድራሻ በየት በኩል እንደሚገኝ የሚናገረው መረጃ እንደ ጎርፍ ወደ ዋናዎቹ ራውተሮች ገባ፤ አልቻሉትም፣ ወደቁ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች መስመር አጡ። ሞባይሉም የቤት ኢንተርኔቱም በአንድ ዋና ኔትወርክ ያልፉ ስለነበር አንዱ ለሌላው ሊደርስለት አልቻለም። የአገሪቱ የዴቢት ካርድ ክፍያ የሚያልፍበት ኢንተራክም የተመረኮዘው በዚያው ሮጀርስ ላይ ነበርና ካርድ የያዘ ሁሉ ጥሬ ገንዘብ ፍለጋ ወጣ። የሚያስቀው (ለካናዳውያን አያስቅም) መሐንዲሶቹ ብልሽቱን ለመጠገን የሚገቡበት መስመርም በወደቀው ኔትወርክ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ ጥሎ በሩን የዘጋ ሰው በሉት። ኢንተራክ ሌላ አቅራቢ እንደሚጨምር ያስታወቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከአንድ ኩባንያ ፋይበር፣ ከዚያው ኩባንያ ደግሞ ባለ ሲም ካርድ ራውተር ገዝቶ «ሁለት መስመር አለን» የሚል ቢሮ ስንት አለ? ድሮ ምርጫ አልነበረም እንበል። ሳፋሪኮም በኦክቶበር 2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ግን ይህ ምክንያት ሳስቷል።

ሁለት ኩባንያም ቢሆን ብቻውን አያድንም። ሁለቱ ኬብሎች ወደ ሕንፃው የሚገቡት በአንድ ቦይ ከሆነ አንድ እስካቫተር ይበቃቸዋል። ባሕር ውስጥም ያው ነው። ሜይ 12 ቀን 2024 ኢሲ እና ሲኮም የተባሉት የምሥራቅ አፍሪካ ኬብሎች በአንድ ቀን ተበጥሰው ከኬንያ እስከ ታንዛኒያ ኢንተርኔት ተንፏቀቀ። ባሕር የሌለን እኛ ዳታችንም እንደ ኮንቴይነራችን በጎረቤት አገር በኩል ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ኩባንያውን «በየት በኩል ታወጣልኛለህ?» ማለት ነውር የለውም።

ከዚያ ራውተሩ አለ። ብዙ ቢሮ ውስጥ ያለው ራውተር የሚያየው ቅርቡን፣ የኬብሉ መብራት መብራቱን ብቻ ነው። መስመሩ ራቅ ብሎ ሲበጠስ እሱ «አለ» እያለ ዳታውን ገደል ይከታል። ሩቅ ያለ አድራሻን በየጥቂት ሴኮንዱ እየጠራ፣ መልስ ሲያጣ ወደ ሌላው መስመር እንዲዞር ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ደንበኛ ከውጭ የሚገባበት ድርጅት፣ ለምሳሌ ባንክ፣ ይህም አይበቃው። አድራሻው የወደቀው ኩባንያ ከሆነ የስልካችን አፕ የተዘጋ በር ሲያንኳኳ ይውላል። የራሱን አድራሻና የኔትወርክ ቁጥር ከአፍሪኒክ ወስዶ ቢጂፒ በሚባለው ዘዴ በሁለቱም ኩባንያዎች በኩል «እዚህ ነኝ» ማለት አለበት። ገንዘብ ያስወጣል፤ ለባንክ ግን አዲስ ቅርንጫፍ ከመክፈት አይከብድም ባይ ነን።

ይህን ሁሉ አሟልቶ ሞክሮት የማያውቅም ሞልቷል። አለቃ ስለሚቆጣ የአይቲው ልጅ ኬብሉን መንቀል ይፈራል፤ የመጀመሪያው ሙከራ ታዲያ እኛ በተሰለፍንበት ቀን ይሆናል። በእሑድ ይጀመር፤ ከዚያ በሥራ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ይነቀል። እስከዚያው «ሲስተም የለም» ስንባል ውልቅ ከማለት ሥራ አስኪያጁን ጠርተን አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ዋናውን መስመር ነቅላችሁ የሞከራችሁት መቼ ነው?