ዘበኛውን ማን አባረረው?

«የማይከብድ አንቲቫይረስ የቱ ነው?» ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ከሾላ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ኮምፒውተር ያለበት ቤት ሁሉ ይህን ይጠይቃል። የሚጠየቀውም ብዙውን ጊዜ «ስለ ኮምፒውተር ያውቃል» ተብሎ የተጠረጠረ የጎረቤት ልጅ ነው። ልጁ የሰማውን አንድ ስም ይጠራል፤ ጠያቂው ያንን ስም ይዞ ጥገና ቤት ይሄዳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ኮምፒውተሩ ተንቀራፎ፣ በፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ «ሾርትከት» ሆኖ እዚያው ልጅ ዘንድ ይመለሳል። እኔን ጥያቄው ራሱ ከመነሻው የተጣመመ ይመስለኛል። የትኛውን ዘበኛ ልቅጠር ከማለታችን በፊት፣ የነበረውን ዘበኛ ማን እንዳባረረው ብንጠይቅ ይሻላል።

መጀመሪያ ስለምን ዓይነት ኮምፒውተር እንደምናወራ እንግባባ። በየቤታችን ያለው በአብዛኛው ከውጭ አገልግሎ የመጣ ላፕቶፕ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩም እየተሽከረከረ የሚሠራው የድሮው ዓይነት። የአንቲቫይረስ ሥራ ደግሞ ፍተሻ ነው። ፋይል በተከፈተ ቁጥር ቀድሞ ያነበዋል፣ ከሚያውቃቸው የቫይረስ ምልክቶች ጋር ያስተያየዋል፣ ከዚያ ያሳልፈዋል። በአንድ ሕንፃ በር ላይ አንድ ፈታሽ ቢቆም ሰልፉ ይንቀሳቀሳል። ሁለት ፈታሾች ቆመው አንዱ ያየውን ቦርሳ ሌላው እንደገና ሲያራግፈው ግን ሰልፉ አስፋልት ላይ ይወጣል። በአሮጌ ዲስክ ላይ ሁለት አንቲቫይረስ መደረብ ይኸው ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ከፍተሻው ሌላ «ማጽጃ»፣ «ማፋጠኛ» እያሉ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይገባሉ። ነገሩ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ያስታውሰኛል። በምኒልክ ዘመን መጥቶ የከተማዋን የማገዶ ችግር አቃለለ፤ ውሃ ጠጪነቱ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጥላ ሰጠ ማለት ምንጭ አይጠጣም ማለት አይደለም።

ድሮ ነገሩ እውነትም ምርጫ ይጠይቅ ነበር። በዊንዶውስ ኤክስፒ ጊዜ የቫይረስ ማጥፊያው ለብቻ፣ የስፓይዌር ማጥፊያው ለብቻ ነበር። ኤቪጂ ወይም አቫስት ይጫናል፤ በላዩ ስፓይቦት ወይም አድ-አዌር ይደረባል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ጃያንት የተባለውን ኩባንያ ገዛና ምርቱን በኋላ ዊንዶውስ ዲፌንደር አለው፤ ያኔ የሚያድነው ስፓይዌር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ግን ሁለቱም ሥራ በዲፌንደር ተጠቃልሎ ከዊንዶውሱ ጋር መጣ። ዛሬ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለው ሰው ሁለቱንም ዘበኞች ያለ ደመወዝ ቤቱ ውስጥ አግኝቷቸዋል። ዲፌንደር ላባ ነው አልልም፤ አሮጌ ማሽን ላይ እሱም ይሰማል። ነገር ግን ለተራ የቤት ሥራ እሱ ይበቃል፤ በእሱ ላይ የሚደረበው ሁሉ ተጨማሪ ሸክም ነው።

ታዲያ ማን አባረረው? ብዙውን ጊዜ «ፎርማት» የሚያደርግልን ባለሙያ ነው። ዊንዶውሱን በክራክ ይጭናል፣ ኦፊሱን በክራክ ይከፍታል። ክራኩን ዲፌንደር ስለሚይዘው መጀመሪያ ዲፌንደሩ ይጠፋል፤ ወይም ክራኩ ያለበት ፎልደር እንዳይፈተሽ ይታዘዛል። ሥራው ሲያልቅ መልሶ የሚያበራው ስንቱ ይሆን? ከዚያ ስሙ የገነነ አንድ አንቲቫይረስ፣ እሱም በክራክ፣ ይጫንና ደንበኛው «አንቲቫይረስ አለው» ተብሎ ይሸኛል። በሐሰተኛ መታወቂያ የተቀጠረ ዘበኛ ማለት ይኼ ነው።

ባለሙያውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የዊንዶውስ ፈቃድ ከ100 ዶላር በላይ ነው። ያንን ለአሮጌ ላፕቶፕ የሚያወጣ ስንት ሰው አለ? ላውጣ ቢልስ በዶላር መክፈሉ ለስንቱ ይቀለዋል? ሆኖም ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። ፋብሪካው ላፕቶፑን ከነዊንዶውስ 10 ሸጦት ከነበረ የፈቃዱ ቁልፍ ብዙውን ጊዜ ማዘርቦርዱ ውስጥ ተቀምጧል። ያንኑ ዓይነት፣ ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ፣ ከራሱ ከማይክሮሶፍት ገጽ በነፃ አውርዶ መጫን ነው፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ ሕጋዊ ይሆናል። ለጽሑፍ ሥራ ሊብሬኦፊስ በነፃ አለ፤ አማርኛም ይጻፍበታል። እንግዲህ ክራኩ ብዙ ጊዜ የሚጫነው ግድ ሆኖ ሳይሆን ስለለመደብን ነው።

«ነፃ የሆነ፣ ስሙ የታወቀ አንቲቫይረስ ብጨምርበትስ?» የሚል አይጠፋም። ነፃ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ነገር ግን የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በአቫስት ላይ ያቀረበውን ክስ ልብ ይሏል። ኩባንያው ጃምፕሾት በተባለው ቅርንጫፉ በኩል ደንበኞቹ ኢንተርኔት ላይ የጎበኟቸውን ገጾች መረጃ ይሸጥ ነበር ተብሎ 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነበት። ጃምፕሾት ቀደም ብሎ በ2020 ተዘግቷል። ያም ሆኖ ከሰላይ ይጠብቀኛል ተብሎ የተቀጠረው ዘበኛ ራሱ ወሬ አቀባይ ሆኖ ተገኘ።

ስለ ስለላ ካነሳን አይቀር፣ የእኛው አገር ታሪክ ከየትኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ያስተምራል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ፊንፊሸር የተባለው የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶ እንደ ማጥመጃ ይዞ መገኘቱን ገለጠ። በ2014 ደግሞ ለኢሳት ጋዜጠኞች በስካይፕ ሰነድ መሳይ ፋይል እንደተላከላቸውና ፋይሉም የጣሊያኑን የሃኪንግ ቲም ምርት እንደሚመስል ዘገበ። በ2017 በውጭ አገር ያሉ ተቃዋሚዎች «ፍላሽ ፕሌየርዎን አፕዴት ያድርጉ» በሚል ሐሰተኛ ገጽ መጠመዳቸው ተጋለጠ፤ መሣሪያው የእስራኤሉ ሳይበርቢት ነበር። እንዲህ ያለው ለመንግሥታት የሚሸጥ መሣሪያ ከአንቲቫይረስ ዓይን እንዲሰወር ተደርጎ ነው የሚሠራው። ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው ግን በሩን ለመክፈት የባለቤቱን ጣት መፈለጋቸው ነው። ተራው ሌባም የሚጠቀመው ይህንኑ ዘዴ ነው። ፎቶው «ሎተሪ ደርሶዎታል» ይሆናል፣ ሰነዱም «የቅጥር ማስታወቂያ» ይሆናል እንጂ ስልቱ አንድ ነው።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። የመመረቂያ ጽሑፏን በአንድ ፍላሽ ይዛ ኮተቤ አካባቢ ከአንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ሌላው የምትሄድ ተማሪ ከቢሊየነር ጠላፊ ይልቅ የምትፈራው ሾርትከት ቫይረስን ነው። ቫይረሱ ፎልደሮቹን ይደብቃል፣ በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ሾርትከቱ ሲከፈት እሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል። ፋይሎቹ ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው ናቸው። ስለዚህ «ፎርማት አድርገው» የሚለውን ምክር ሰምታችሁ የአንድ ዓመት ድካም አትቅበሩ። ምንም ሳትከፍቱ ፍላሹን በዲፌንደር አስፈትሹት፤ ከዚያ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉና የራሳችሁን ቅዱ። ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ ማልዌርባይትስን በነፃ አውርዳችሁ አንድ ጊዜ አስፈትሹና አጥፉት፤ እንግዳ ሆኖ ይምጣ እንጂ ነዋሪ አይሁን።

አንድ ትልቅ ነገር ግን ተለውጧል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማይክሮሶፍት ለዲፌንደር የቫይረስ መለያ መረጃ እስከ ኦክቶበር 2028 እንደሚልክ ተናግሯል፤ ግን ግድግዳው ሲሰነጠቅ የማይጠገን ከሆነ የበር ዘበኛ ብቻውን ምን ያደርጋል? ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ብዙዎቹ ላፕቶፖቻችን አይመጥኑትም። ለኢንተርኔት፣ ለጽሑፍና ለፊልም ብቻ የሚያገለግል አሮጌ ማሽን ላይ ሊኑክስ ሚንት መጫን የተሻለ ይመስለኛል። ነፃ ነው፤ ክራክ አይፈልግም፤ ያ የፍላሽ ሾርትከትም ለዊንዶውስ ስለተሠራ እዚያ አይሠራም። በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ የሒሳብ ወይም የዲዛይን ፕሮግራም ያለው ሰው ግን ይኼ አያዋጣውም፤ እሱ ማሽኑ ከፈቀደ ወደ 11 ይሻገር።

ስለዚህ ጥገና ቤት ስትሄዱ የአንቲቫይረስ ስም ይዛችሁ አትሂዱ። ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፦ ላፕቶፑ የራሱ ፈቃድ አለው ወይ? ሁለተኛ፦ ስትጨርስ ዲፌንደር በርቶ፣ ከፍተሻ ውጭ የተደረገ ፎልደርም ሳይኖር ታሳየኛለህ? ሦስተኛ፦ አፕዴቱን ዘግተኸዋል ወይስ ክፍት ነው? ካርድ ይበላል ተብሎ አፕዴት ከተዘጋ ዘበኛው የአምናን ሌባ ፎቶ ይዞ ነው በር ላይ የሚቆመው፤ ይልቅ በሳምንት አንዴ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ወስዶ ማዘመን ይሻላል። የሠርግ ፎቶውን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የሞተ ሰው ድምፅ ካለም እሱን፣ በሌላ ዲስክ ቀድታችሁ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ አስቀምጡ። እነዚያን አንድ ጊዜ ከጠፉ የትኛውም አንቲቫይረስ አይመልሳቸውም።

ቸር ይግጠመን።