የጨረር ስሌትን በኒውራል ኔትወርክ ማፋጠን፦ የፍጥነት ጥቅምና የማረጋገጥ ግዴታ

የአየር ትንበያ ጠቀሜታ የሚለካው በሁለት ነገሮች ነው፤ በጊዜው በመድረሱና በታማኝነቱ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘርፍ የሆነውን ኒውራል ኔትወርክ በትንበያ ሞዴሎች ውስጥ ማስገባት ደግሞ ሁለቱን መመዘኛዎች በአንድነት የሚፈትን ሥራ ነው። በዚህ ረገድ ረጅም ልምድ ከተገኘባቸው መስኮች አንዱ የከባቢ አየር ጨረር ስሌት ነው።

የጨረር ስሌት ከፀሐይ ከሚመጣው ብርሃን ምን ያህሉ በደመና፣ በአቧራና በጋዞች እንደሚንጸባረቅ ወይም እንደሚመጠጥ፣ ምድር መልሳ ከምትለቀው ሙቀትም ምን ያህሉ ወደ ሕዋ እንደሚያመልጥ የሚያሰላ የሞዴሉ ክፍል ነው። በዓለም አቀፍ አማካይ በከባቢ አየር አናት ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 340 ዋት ያህል የፀሐይ ኃይል ይደርሳል፤ ከዚህም 30 በመቶ ገደማው ተንጸባርቆ ይመለሳል። ቀሪው ምድርን ያሞቃል፣ ውኃን ወደ ትነት ይለውጣል፣ ነፋስንም ያንቀሳቅሳል። ስለሆነም በዚህ ስሌት የሚፈጠር ስሕተት ወደ ሙቀት፣ ወደ ደመናና ወደ ዝናብ ትንበያ መሸጋገሩ አይቀርም።

ዋናው ተግዳሮት የስሌቱ ክብደት ነው። የውኃ ትነት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ኦዞን ጨረርን የሚመጥጡባቸው የሞገድ ርዝመቶች የተለያዩና እጅግ ብዙ ናቸው። በስፋት የሚሠራበት አርአርቲኤምጂ የተባለው ዘዴ ይህን ውስብስብነት ወደ 252 ንዑስ ስሌቶች ዝቅ አድርጎታል። ይሁንና እነዚህ ስሌቶች በእያንዳንዱ የሞዴሉ ነጥብና የአየር ንብርብር ላይ መደጋገም አለባቸው። በዚህም ምክንያት ብዙ ሞዴሎች የጨረር ስሌቱን ሙሉ በሙሉ የሚያድሱት በየጥቂት ደቂቃው ሳይሆን በየሰዓቱ ወይም ከዚያ በረዘመ ጊዜ ነው። በመካከሉ ፈጥኖ የሚገነባ ደመና በጨረሩ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ በወቅቱ ላይታይ ይችላል።

ኒውራል ኔትወርክ ይህን ጫና የሚያቃልለው ነባሩ ዘዴ ካመነጫቸው በርካታ ምሳሌዎች የግብዓትና የውጤትን ዝምድና በመማር ነው። ሥልጠናው ከተጠናቀቀ በኋላ ረጅሙ ስሌት በጥቂት የማባዛትና የመደመር ተግባራት ይተካል። በአሜሪካ ብሔራዊ የአካባቢ ትንበያ ማዕከላት የተካሄዱ ጥናቶች በዚህ መንገድ የጨረር ስሌት በአሥሮች እጥፍ ሊፈጥን እንደሚችል አሳይተዋል።

ሆኖም ፍጥነት ብቻውን በቂ አለመሆኑን የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ተሞክሮ ያስረዳል። በ1998 ለኅትመት የበቃው ኒውሮፍላክስ የተባለ የረጅም ሞገድ ጨረር ዘዴ ከጊዜ በኋላ በማዕከሉ መደበኛ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። ነገር ግን የሞዴሉ የአየር ንብርብሮች ብዛት ወደ 60 እና ከዚያ በላይ ሲያድግ ፍጥነትንና ትክክለኛነትን አስማምቶ መጓዝ ባለመቻሉ አገልግሎቱ ተቋርጧል። ዛሬ ማዕከሉ የሚጠቀመው ሞዴል 137 ንብርብሮች አሉት። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ኒውራል ኔትወርክ የተማረውን እንጂ ያልተማረውን በአስተማማኝ ሁኔታ እንደማይመልስ፣ ሞዴሉ በተሻሻለ ቁጥርም እንደገና መሠልጠንና መፈተሽ እንዳለበት ነው።

ይህ ትምህርት የምርምሩን አቅጣጫ ለውጧል። በ2020 ፒተር ኡኮነንና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት ጥናት ኒውራል ኔትወርክን በጨረር ስሌቱ ሁሉ ምትክ ሳይሆን የጋዞችን የመምጠጥ ባሕርይ በሚያሰላው ክፍል ብቻ ተክቷል። ጨረሩ ከንብርብር ወደ ንብርብር የሚተላለፍበት የፊዚክስ ቀመር ግን እንዳለ ተጠብቋል። በዚህ አሠራር የሚገኘው ፍጥነት ያነሰ ቢሆንም የኃይል ሚዛን ሕግ አይጣስም፤ ስሕተት ሲፈጠርም ምንጩን መለየት ይቀላል።

ጉዳዩ ለአገራችንም ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ከሚለው ከዳሎል አካባቢ ተነሥቶ 4,550 ሜትር ገደማ ከፍታ እስካለው ራስ ደጀን ይዘልቃል። በእነዚህ ሁለት ሥፍራዎች ላይ ያለው የአየር ግፊት፣ የውኃ ትነትና የአቧራ መጠን እጅግ የተለያየ ነው። የሥልጠናው ምሳሌዎች እንዲህ ያሉትን ሁኔታዎች በበቂ ሁኔታ ካላካተቱ በዓለም አማካይ ጥሩ የተባለ ዘዴ በደጋችን ወይም በቆላችን ሊሳሳት ይችላል። ስሕተቱም የክረምትን ደመናና ዝናብ ትንበያ ብቻ ሳይሆን ወደ መሬት የሚደርሰውን የፀሐይ ኃይል ግምትም የሚነካ በመሆኑ ለግብርናም ለኃይል ዕቅድም ፋይዳው ቀላል አይደለም።

በመሆኑም አዲሱን ቴክኖሎጂ በጥርጣሬ መግፋትም ሆነ ያለ ፍተሻ መቀበል አይገባም። ተገቢው መንገድ የሜትሮሎጂ ጣቢያዎችን፣ በተለይም የፀሐይ ጨረር መለኪያዎችን ማጠናከር፣ የሞዴል ውጤቶችን ከመሬት ልኬት ጋር በየወቅቱና በየአካባቢው ማነጻጸር፣ ይህን መመዘን የሚችሉ ባለሙያዎችንም ማፍራት ነው። ስሌቱን ማሽን ቢያፋጥነውም ለአርሶ አደሩና ለአርብቶ አደሩ በሚደርሰው ትንበያ ተጠያቂ የሚሆነው ትንበያውን የሚያወጣው ተቋም ነው።