የትኛው ዓለም ሻምፒዮን?

ቦሬን ያላየ ሰው ጉጂ ሲባል ሁሉም በረሃ ይመስለዋል። እዚህ እኮ ጧት ጉሙ ሳይገፈፍ ጋቢ ሳይደርብ የሚወጣ ሰው የለም። በዚያ ብርድ በባዶ እግራቸው ሲሚንቶ ላይ የሚለማመዱ ልጆች አሉን፤ የቴኳንዶ ልጆች። በቀደም ዕለት የአንደኛው እናት፣ ጎረቤቴ ናት፣ ወረቀት ይዛ ከቤቴ መጣች።

«ወንድሜ፣ እስቲ አንብብልኝ። ልጅሽ ለዓለም ሻምፒዮና ተመርጧል አሉኝ። የምዝገባና የጉዞ ገንዘብ አምጪ ተብያለሁ። ጊደሯን ልሽጣት እንዴ?»

ወረቀቱን እያገላበጥኩ አየሁት። ማኅተም አለው፤ ባንዲራ አለው፤ «ዓለም» የሚለው ቃል ሦስት ቦታ ተጽፏል። ልጁ ማንን አሸንፎ እንደተመረጠ ግን የትም አልተጻፈም። ለካ መስፈርቱ አንድ ብቻ ነው፦ መክፈል!

ነገሬም ከዚህ ይጀምራል። «የዓለም ሻምፒዮን» የሚለውን ስም አርክሰነዋል። ያረከሱት ደግሞ ወረቀት በታኞቹ ብቻ አይደሉም። ጋዜጣ ላይ የምንጽፈውም አለንበት።

ቴኳንዶን እንውሰድ። አይቲኤፍ የሚባለው ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1966 በጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ መሪነት ሴኡል ውስጥ ተቋቋመ። በ1973 እዚያው ሴኡል ሌላ ፌዴሬሽን ተወለደ። ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለው ይኸው ነው፤ ከ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ጀምሮ ሜዳልያ የሚያሰጠውም የእሱ ቴኳንዶ ነው። ጄኔራሉ በ2002 ካረፉ በኋላ ደግሞ አይቲኤፍ ራሱ ተከፋፈለ፤ «እውነተኛው እኔ ነኝ» የሚሉ ድርጅቶች በአንድ ስም መጠራት ጀመሩ። ሁሉም የየራሱን የዓለም ሻምፒዮና ያዘጋጃል። በፕሮፌሽናል ቦክስም ያው ነው፤ ለአንድ የክብደት መደብ አራት ታላላቅ ድርጅቶች አራት ቀበቶ ያድላሉ። ዓለም አንድ ስትሆን ሻምፒዮኖቿ ግን ብዙ ናቸው።

ይሄ በራሱ ጥፋት አይደለም። ከእነዚህ ውድድሮች መካከል ልብ የሚያደርቁ፣ ጠንካራ ሰው የሚሰበሰብባቸው አሉ። ጥፋቱ እኛ ሳንጠይቅ ማጨብጨባችን ነው። አንዱ ወርቅ አጥልቆ ቦሌ ሲደርስ አበባ እናስታቅፈዋለን፤ «ሀገሩን አስጠራ» ብለን እንጽፋለን። በእሱ ክብደት ስንት ሰው ተመዘገበ? ስንት ጊዜ ተጋጠመ? ማንን ረታ? ማን ይጠይቃል! ለሯጭ እኮ እንዲህ አናደርግም። የሯጭ ሲሆን ሰዓቱን እስከ ሰከንድ ሽራፊ እንቆጥራለን፤ ከጎኑ እነማን እንደሮጡም በስም እናውቃለን።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሰለሞን ቱፋን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? በየካቲት 2012 ዓ.ም. ራባት፣ ሞሮኮ፣ በአፍሪካ ማጣሪያ ተፋልሞ የኦሊምፒክ ቦታ ያገኘ ልጅ ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ58 ኪሎ ለኢትዮጵያ ተሰለፈ። ሜዳልያ አላመጣም። እስካሁን ያገኘናቸው ከ60 በላይ የኦሊምፒክ ሜዳልያዎች ሁሉም የአትሌቲክስ ናቸውና። እኔ ግን ያንን የራባት ማጣሪያ ከብዙ የአየር ማረፊያ ወርቅ አስበልጠዋለሁ። ለምን ቢሉ፣ ገንዘብ ከፍሎ የሚታለፍ ማጣሪያ አልነበረማ!

«የልጆቹን ሞራል አትንካ» የሚሉኝ አይጠፉም። የልጅ ሞራል የሚነካውስ የተከፈለበትና የተለፋበት ወርቅ እኩል ሲጨበጨብላቸው አይደለም? ከእኛ ቁልቁል በአዶላ በኩል ወርቅ አጥበው የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ገዢው ሳይመዝን ብር አይቆጥርላቸውም፤ እነሱም በመመዘኑ አይቀየሙም። የሜዳልያ ወርቅ ሲሆን ሚዛኑን የት ጣልነው?

ለጎረቤቴ «ጊደሯን አትሽጪ። መጀመሪያ ማንን አሸንፎ እንደተመረጠ ጠይቂያቸው» አልኳት። ወረቀቱን አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

«እሺ፣ አልሸጥም። ታዲያ ልጄ ጎበዝ መሆን አለመሆኑን የት ሄዶ ይወቀው?»

ዝም አልኩ። የቦሬው ልጅ ከአዶላው፣ ከነገሌው ልጅ ጋር በየዓመቱ ሳይቋረጥ የሚገጥምበት፣ ያሸነፈው ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ሀገር የሚያልፍበት መንገድ ካልተበጀ፣ ዛሬ ያልተሸጠችው ጊደር ነገ መሸጧ አይቀርም። በየደረጃው «ስፖርት» የሚል ታፔላ የሰቀላችሁ ኃላፊዎች፣ ጥያቄው የእናንተ ነው። አበባውን ከመግዛታችሁ በፊት ለዚህች እናት መልስ ስጧት።