ዲስክሪት ማቴማቲክስ ስለምን ይጠላል?

ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በኮምፒዩተር ሳይንስ የትምህርት ክፍል የገቡ ወጣቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚያማርሩት ዲስክሪት ማቴማቲክስ በሚባለው ትምህርት ነው። «እኛ ኮምፒዩተር ልንማር መጣን እንጂ ሒሳብ ልንማር አልመጣንም» ይላሉ። ስለዚሁ ጉዳይ የሚሰማኝን ጥቂት ቃል በአንባብያን ዓምድዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በወላይታ ዞን በቢጠና ከተማ የሰው ኃይል ሠራተኛ ነኝ እንጂ የሒሳብ ሊቅ አይደለሁም። ይሁን እንጂ የእኅቴ ልጅ ከዞናችን ውጭ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ስትማር ቆይታ ለዕረፍት በመጣች ጊዜ «ጋሼ፥ የትምህርት ክፍል ልቀይር ነው» ብትለኝ ደብተሯን ገልጬ አየሁት። ከዳር እስከ ዳር በምልክት የተሞላ ነው፤ ከምናውቀው ነገር የአንዱም ስም የለበትም። ፈተና ሲደርስ ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ተባዝተው ይሸመደዳሉ፤ ፈተናው ባለፈ ማግስት ሁሉም ይረሳል። እንዲህ ያለውን ትምህርት ብትጠላው አልፈርድባትም።

ለማያውቁት አንባብያን ነገሩን ባጭሩ ለማስረዳት ያህል፥ ይህ ሒሳብ አንድ፥ ሁለት ተብሎ የሚቈጠረውን፥ እውነት ወይም ሐሰት ተብሎ የሚለየውን ነገር የሚመለከት ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ቡል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1854 «እና»፥ «ወይም»፥ «አይደለም» የሚሉትን ቃላት እንደ ቍጥር ማስላት እንደሚቻል በመጽሐፍ አሳየ። አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን ደግሞ በ1937 ባቀረበው ጽሑፍ ይኸው ስሌት በኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ ሊሠራ እንደሚችል ገለጠ። የዛሬው ኮምፒዩተር የቆመው በዚህ ላይ ነው።

መቼም «እና» እና «ወይም» ለማንም ቀላል ይመስላሉ። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ግን ምን ያህል ጣጣ እንደሚያመጡ እናውቃለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ባወጣው የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ላይ «ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ እና 4 ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» የሚል ተጽፎ ነበር። አንዲት በዚያው ዓመት በዲግሪ የተመረቀች ልጅ ቀርባ ተመዘገበች። ከኮሚቴው ግማሹ «4 ዓመቱ ለዲፕሎማው ብቻ ነው፤ ዲግሪ ያለው ያለ ልምድም ይገባል» አለ፤ ግማሹ «የለም፥ ለሁለቱም ነው» አለ። ግማሽ ቀን ሙሉ ተከራክረው በመጨረሻ ልጅቱን ሰረዟት። ማስታወቂያው ግን አንድ ቁርጥ ያለ ትርጕም አልነበረውም። ያችን ልጅ ከእንጀራዋ ያስቀራት ያልተቀመጠ ቅንፍ ነው።

አሁን ደግሞ እንዲህ ያለውን ማጣራት ለኮምፒዩተር እየሰጠነው ነው። በብዙዎቹ የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ቅንፍ ካልተደረገ «እና» ከ«ወይም» በፊት ይሰላል፤ ስለዚህ መሣሪያው ልጅቱን ያለ አንዳች ክርክር ያሳልፋት ነበር። ኮሚቴው ግን ያሰበው ሌላ ነው። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ወጣት ይህን ትምህርት ሸምድዶ ያለፈ እንደ ሆነ ልዩነቱ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ በሺህ በሚቈጠሩ ሰዎች ላይ ይፈርዳል። ከኮሚቴ ጋር መሟገት ይቻላል፤ ከመሣሪያ ጋር ግን ማን ይሟገታል?

ምሳሌ የጠፋ እንደ ሆነ ደግሞ ከሩቅ አገር ማምጣት አያሻም። በልጅነቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ያገኘሁት ባሕረ ሐሳብ የዚሁ ትምህርት አንዱ ክፍል መሆኑን የተረዳሁት ያን ደብተር ሳይ ነው። የ2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። በ5500 ላይ 2018 ሲደመር 7518 ይሆናል፤ ይህ በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይሆናል፤ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። ሁለቱ ተደምረው 30።

በየዓመቱም ድምሩ ይኸው 30 ነው። እኛ ይህን በቃል ይዘን አለፍን እንጂ ለምን እንደ ሆነ አልጠየቅንም። ምክንያቱ 11 እና 19 ራሳቸው ተደምረው 30 መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ ወንበሩ ማናቸውም ቍጥር ቢሆን የሁለቱ ብዜቶች ድምር ያለ ትራፊ ለ30 ይካፈላል። እያንዳንዱ ትራፊ ደግሞ ከ30 የሚያንስ ስለ ሆነ ድምራቸው 60 ሊደርስ አይችልም፤ ከ30 በቀር ሌላ ማረፊያ የለውም። (ወንበሩ አልቦ በሆነበት ዓመት ብቻ አበቅቴው አልቦ፥ መጥቅዑ 30 ይባላል።) ይህን በወረቀት ላይ ባሳየኋት ጊዜ የእኅቴ ልጅ «ሞጁሎ የሚሉት ይህ ነው እንዴ? ማረጋገጫ የሚሉትስ ይኸው ነው?» አለችኝ። አንድ መንፈቅ ሙሉ የተማረችው ነገር ነው!

ስለ መንገዶችም እንዲሁ ነው። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ፥ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሻሸመኔ የሚወጡትን መንገዶች፥ በየመካከሉም ያሉትን ከተሞች ነጥብና መስመር አድርጎ ቢሥሉት ግራፍ የሚባለው ምዕራፍ ተጀመረ ማለት ነው። አንድ የመስክ ሠራተኛ ሁሉንም ወረዳ በአጭሩ መንገድ አዳርሶ የሚመለስበትን ስሌት መፈለግ ለተማሪ ጥሩ ጥያቄ ይመስለኛል፤ የውሎ አበሉ ስለሚያንስ ባልደረቦቼ ባይወዱትም።

«ተመራቂው የሚቀጠረው ኬብል ሊዘረጋና ፕሪንተር ሊጠግን ነው፤ ይህ ሁሉ ለምኑ ነው?» የሚሉ አሉ። ጠጋኝ ብቻ ከፈለግንስ 4 ዓመት ዩኒቨርሲቲ ማስቀመጥ ባላስፈለገ ነበር። በበኩሌ መምህራኑን የምለምነው በእያንዳንዱ ምዕራፍ መግቢያ ላይ ከአገራችን አንድ ምሳሌ እንዲያስቀምጡ፥ በፈተናም ካለፈው ዓመት ያልተቀዳ አንድ «ለምን?» የሚል ጥያቄ እንዲጨምሩ ነው። እኛም በየመሥሪያ ቤቱ የቅጥር ማስታወቂያ የምናወጣ ሰዎች «ሀ. ዲግሪ፤ ወይም ለ. ዲፕሎማና 4 ዓመት የሥራ ልምድ» ብለን በሁለት መስመር ብንጽፈው የሚጨምርብን ወጪ አንድ መስመር ቀለም ነው።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከቢጠና